በሩ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ መጋቢት 11 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ክፍላችን ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ክፍላችን ስልህ እንዳትስቅ። ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ስፌቱን ከሰዓት በኋላ ብቻ አድርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ሃይማኖት፣ ማኅበረሰብና ባህል እማራለሁ። አባትህ ቢኖር «በስተርጅና?» ይል ነበር። ከዚያ ቁጭ ብሎ ደብተሬን ይሸፍንልኝ ነበር።

ለምን እንደገባሁ ታውቀዋለህ። እራት እየበላን «እማዬ፣ እኔ ከእንግዲህ አልጸልይም» ካልከኝ ጀምሮ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ያልገባኝ አንተ ትመስለኝ ነበር።

ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል። አጠገቤ የምትቀመጠው ቀጭን ልጅ ግን አፏ አያርፍም።

«እትዬ፣ እስከዛሬ ያላገኙትን አምላክ እዚህ በፈተና ሊያገኙት ነው?» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

«አንቺ ይልቅ ያንን የተቀደደ ሱሪሽን አምጪና ልጣፍልሽ።»

«ፋሽን ነው እኮ!»

«ጉልበትሽ ፋሽን መሆኑን በምን ያውቃል? ይበርደዋል!»

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ የቤት ሥራ ሰጠን። የነበራችሁበትን አንድ ሥርዓት አስቡ፣ ማን የት እንደቆመ ብቻ ሳሉ አለን። ለአንድ ሰው አንድ ነጥብ። በሩን ሁላችሁም ከወረቀቱ ግርጌ፣ መሃል ላይ አድርጉት። በሌላ ገጽ ደግሞ የሆነውን ጻፉ። የሥዕሉ ወረቀት ከእኔ ነበር። ልብስ የምቀድበትን ስስ ወረቀት አንድ ጥቅል ይዤ ሄጄ፣ ለአሥራ አምስታችን በመቀስ አካፈልኩ።

እኔ የአባትህን ቀብር ሳልኩ፤ በሩ የመቃብሩ ግቢ በር ነው። አጎትህን፣ ጎረቤቶቹን፣ ቆፋሪዎቹን። እጄ መለካት ለምዷል፣ አይስትም። የጎረቤታችንን ውሻ እንኳ አልረሳሁም። በሌላው ገጽ «ልጁ ሊገባ አልፈለገም» ብዬ ጻፍኩ።

መምህሩ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ አየ።

«እትዬ፣ ልጁ የት አለ?»

ፈለግሁት። የለህም። ነጥቦቹ በሩ ጋ ሲደርሱ ይከፈላሉ፣ ውሃ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚከፈለው። በመሃላቸው ባዶ ቦታ። እጄ ቦታህን ክፍት ትቶ አንተን አልሳለህም።

መምህሩ «አልፈለገም» ከሚለው ሥር አሰመረና በእርሳስ «በምን አወቁ?» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ የሁላችንንም ወረቀት ሰብስቦ፣ በር በበር ላይ አነባብሮ በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈው። ጠዋት ነበር። ፀሐይ ከኋላ መጣች።

ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። አያቶቻቸው ሰላም የማይባባሉ ልጆች ናቸው። አንዷ የሳለችው ሠርግ ነው፣ አንዱ ጸሎት፣ ሌላው የሕፃን ስም ማውጣት። የሚያመልኩት አይገናኝም። ነጥቦቹ ግን ተገናኙ። መሃሉ ላይ ተበታትነው በሩ ላይ ተከመሩ። ከእኔ በቀር በእያንዳንዱ ወረቀት ሳይገባ፣ ሳይሄድም በር ላይ የቆመ አንድ ሰው ነበር። የእኔ ወረቀት ከላይ ነው የተለጠፈው። ያ ባዶ ቦታዬ በሌሎች ነጥብ ጠቁሮ አየሁት። በሌላ ሰው ልጆች።

ስጸልይ ኖሬያለሁ፣ ታውቃለህ። እንደዚያ ሰውነቴን ወሮኝ አያውቅም።

ቀጭኗ ልጅ ተነሥታ ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች። «ይቺ እኔ ነኝ» አለች። «የእህቴ ሠርግ ላይ።»

«ለምን አልገባሽም?» አልኳት።

«ማን ግቢ አለኝ፣ እትዬ?»

ያ ሳቋ በፊቷ አልነበረም። ቤት እስክደርስ ያቺ ጥያቄ አብራኝ ሄደች፤ ደረጃው ላይ ጉልበቴን እንኳ ረሳሁት።

ገጹን እንደገና ጻፍኩት። «ልጁ በር ላይ የቆመው እናቱ በአጎቱ በኩል ‹የማይጸልይ እንዳይገባ› ብላ ስለላከችበት ነው።» ዛሬ ጠዋት አስረከብኩ። ይህንን ከአጎትህና ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። አሁን መምህሩም ያውቃል።

በቀብሩ ቀን ዝናብ ነበር፣ አንተም ባርኔጣህን አውልቀህ ነበር። ከንፈርህ ይንቀሳቀስ ነበር። ከመቃብሩ አፋፍ ሆኜ አይቼሃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ትል እንደነበር ልጠይቅህ ስል ኖርኩ። አሁን አልጠይቅህም።

የሥዕሉን ወረቀት ከመምህሩ ተቀብዬ፣ አራት ቦታ አጥፌ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ባዶው ቦታ እንዳለ ነው። ነጥቡን አንተ አድርገው። የቆምክበት ላይ፣ ወይም መቆም የፈለግህበት ላይ። ከዚያ መልሰህ ላክልኝ፤ ራስህ ብታመጣውም መንገዱን ታውቀዋለህ።

የምትደርስበት በር ሁሉ ሰፊ ይሁንልህ። የሚቀበልህ ሰው አይጥፋ።

እናትህ

ወረቀቱ ስስ ነው። እርሳሱን ብዙ አትጫነው።