የእቁቡን መዝገብ ያሳየሁ ዕለት

ሰኔ 14 ቀን 1973
ዝናብ። የሆስፒታሉ አንሶላ አልደርቅ ብሎን ስናገላብጥ ዋልን። እጄ በሳሙና ተላልጦ ብዕር ለመያዝም... ማን አስገደደኝ ግን? አንድ ቀን ካልጻፍሁ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ከሥራ ስመለስ አስያ በሯ ላይ ቆማ ትስቃለች። ሹም አቦ ሰፈር ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከሷ ጋር የሚለየን አጥር ብቻ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሷንና ልጇን ጀሊላን የምታኖራቸው ያቺ አሮጌ የስፌት መኪና ናት።

«ሸዋዬ፣ ነይማ! ትምህርት ቤቱ የተማሪ ልብስ ስፊ አለኝ። መቶ ሃያ ልጅ!»

«በዚች መኪና? እሷ እኮ እንደ ሽማግሌ ስታስል ነው የምትውል።»

«ለዚያ አይደል ባንክ ልበደር ያልሁት!»

አዲስ መኪና ልትገዛ ነው። ማመልከቻውን እኔ ጻፍሁላት። አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርሁት ለዚህ ነው ብዬ ኮራሁ። «ለመስከረም ካላደረስሁ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ይሰጡብኛል» ስትል ግን ሳቋ ቆመ። አይዞሽ አልኋት። አይዞሽ ማለት ምን ይከብዳል...

ሰኔ 22
የባንኩ ሰው ቤቴ መጣ! አቶ አምሐ ይባላል፣ ክራቫት ያሰረ ልጅ እግር ሰው። ጫማው በጭቃ ተለውሶ አሳዘነኝ። ባንክ ከማበደሩ በፊት ጎረቤት ይጠይቃል ለካ። ቁጭ አድርጌ ቤት ያፈራውን አቀረብሁለት።

«ወይዘሮ አስያ ከሰው የተበደሩት ነገር አለ?»

«አስያ? በስመ አብ! የሰው አምስት ሳንቲም አትነካም።»

እኔ የእቁባችን ጸሐፊ ነኝ አልሁት። ተነሥቼ መዝገቡን አወጣሁ። በቀይ አስምሬ፣ ስሙን በሰማያዊ የጻፍሁት ነው፤ እስከ ዛሬ ከሴቶቹ በቀር ያየው የለም። «ይኸው ይመልከቱ። በሚያዝያ እጣው ወጥቶላት ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰችበት። እቁብ ከበላ በኋላ ስንቱ ነው የሚጠፋ! እሷ አንድ ሳምንት አሳልፋ አታውቅም።»

«ስንት ሳምንት ይቀራቸዋል?»

«ሠላሳ አንድ» አልሁ፣ ሳልቆጥር።

ጻፈ። ሲወጣ «ጽሕፈትዎ ያምራል» አለኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ለአስያ ነገርኋት፤ «ካንቺ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል» ብላ አቀፈችኝ።

ሐምሌ 9
አስያ የባንኩን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ረመዳን ነው፣ ከንፈሯ ደርቋል። «አንብቢልኝ፣ የመንግሥት አማርኛ አይገባኝም» አለች።

አነበብሁ። «አመልካቿ ያልተጠናቀቀ የክፍያ ግዴታ ያለባቸው መሆኑ በማጣራት ስለተደረሰበት የጠየቁት ብድር ያልተፈቀደ መሆኑን እንገልጻለን።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዕዳ አለብሽ ማለት ነው።»

«የማን ዕዳ?»

ሠላሳ አንድ ሳምንት። ከአፌ የወጣው ቁጥር ተመልሶ መጣብኝ። እቁብ ዕዳ ነው እንዴ? እኛ ተራ ነው የምንለው። ቀድሞ የደረሰው ይወስዳል፣ ኋላ የሚደርሰው ይጠብቃል። እኔ ያመሰገንኋት መስሎኝ...

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ቀደመችኝ።

«ሙሀመድሰዒድ ነው!» አለች። የባሏ ወንድም ነው፣ ወረታ የሚነግደው። «መኪናዋ የወንድሜ ናት ሲለኝ አልነበር? ባንክ ሄዶ ዕዳ አለባት ያለው እሱ ነው። ሌላ ማን ይጠላኛል?»

«እንጃ» አልሁ።

ሐምሌ 10
እንጃ ማለት ውሸት ነው? ነው።

ሐምሌ 25
ኢድ። ሙሀመድሰዒድ በዝናቡ ከወረታ መጣ፣ ሩዝ በጆንያ ተሸክሞ። ጩኸቷን ሰምቼ ወጣሁ።

«አስያ፣ ኢድ እኮ ነው! ምን አደረግሁሽ?»

«አንተ ታውቃለህ!»

«ወላሂ አላውቅም!»

«ወላሂም ይላል ደግሞ! የየቲም ልጅ እንጀራ ዘግተህ!»

ጀሊላ «አጎቴ» እያለች ልትወጣ ስትል እናቷ በክንዷ ያዘቻት። ሰውየው ዞር ሲል በአጥሩ ላይ እኔን አየ።

«እመት ሸዋዬ፣ እርስዎ ጎረቤት ነዎት። ምን ሆነችብኝ?»

ከጫፉ እስከ ጫፉ የማውቅ እኔ ነኝ። የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ! «ልብሴን ላስገባ» ብዬ ገባሁ። በዚያ ዝናብ የምን ልብስ ተሰጥቶ?

ጆንያውን ደጃፏ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እስካሁን ያነሣው የለም። ዝናቡ እየወረደበት ነው።

ነሐሴ 4
የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሐዋርያት ከሐይቁ ደሴት በታንኳ መጥተው ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው። «ፍልሰታም ነው፣ ስግደት ይዘዙኝ አባቴ። የፈለጉትን ያህል» አልሁ።

«ስትሰግጂ ሰውየው ይታረቃል?»

«አይ...»

«በናንተ መካከል ያለው አጥር ስንት ክንድ ነው?»

«ሁለት ቢሆን ነው።»

«እንግዲያ እሱን ተሻግረሽ ነይ። ስለ ስግደቱ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

እኔ መቶ ስግደት ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 6
አልተሻገርሁም። ሽሮ ልልክላት አሰብሁ። ሽሮው ይናገርልኝ ይመስል!

ነሐሴ 8
ባንክ ሄድሁ። መጀመሪያ ነገሩን ላቃናና በቀና ነገር ልንገራት ብዬ። (ወይስ አጥሩን ፈርቼ?)

«አቶ አምሐ፣ እቁብ ዕዳ አይደለም» አልሁት።

አልተቆጣም፣ ወንበር ሰጠኝ። «ቀድመው ወስደዋል፤ ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ለሌሎች ይከፍላሉ። ያ ለኛ ዕዳ ነው። ከገቢያቸው ላይ ቀነስነው፤ የቀረው ለብድሩ አይበቃም።»

«አንድ ቀን አላሳለፈችም እኮ!»

«እርስዎ ያውቋቸዋል። ባንኩ አያውቃቸውም። ደመወዝተኛ ዋስ ካቀረቡ እንደገና ይታይላቸዋል። መክፈል ካቃታቸው ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል።»

ደመወዝተኛ። ከሰፈራችን ሴቶች ደመወዝተኛ ማን አለ? እኔ። መጀመሪያ የታሰበኝ ምን እንደሆነ ለዚህ ደብተር እንኳ ባልነግረው ደስ ይለኝ ነበር። የቤቴ ኪራይ፣ ጤፉ፣ እርጅናዬ... «ማን ይደፍራል ብለው ነው» ብዬ ወጣሁ።

እስከ ሐይቁ ዳር በእግሬ ሄድሁና ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በአፌ ስመሰክርላት እንዴት ደፋር ነበርሁ! ደመወዜ ሲነሣ ግን አስያን የማላውቃት ሆንሁ። ከባንኩ በምን ተሻልሁ?

ነሐሴ 9
ተሻገርሁ።

መኪናዋ ላይ ነበረች። ቆሜ ነገርኋት፤ ብቀመጥ አልጨርሰውም ነበር። እግሯ መርገጫው ላይ ቀረ።

«አንቺ?»

«እኔ። መዝገቡን አሳየሁት። ላመሰግንሽ ነበር አስያ፣ በማርያም...»

«እሱስ ይሁን። አለማወቅ ነው። ደብዳቤውን ስታነቢልኝ ግን አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ሙሀመድሰዒድን ሳባርረውስ? አጥሩ ላይ ቆመሽ?»

«አዎ።»

ብትሰድበኝ ምን ነበረ። ክሯን በጥርሷ ቆርጣ መርፌው ውስጥ ለማስገባት ታገለች። ላስገባልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ መርፌውን አራቀችው።

«ዋስ እሆንሻለሁ» አልሁ።

«ማን ጠየቀሽ?»

መርገጫውን ረገጠች። መኪናዋ እያሳለች ሄደች። እኔም ሄድሁ።

ነሐሴ 19
አስያ ወረታ ደርሳ መጣች አሉ፣ የባሏን ወንድም ይቅርታ ልትጠይቅ። ልትጠይቅ የሚገባት እሷ ነበረች?

ነሐሴ 21
ጀሊላ መጣች። «ነገ በሦስት ሰዓት ባንክ እንዲመጡ ብላለች እማዬ።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። ድሮ ሳትበላ አትወጣም ነበር።

ነሐሴ 22
ፈረምሁ። አቶ አምሐ «ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ። «አሁን አውቃለሁ» አልሁ። አስያ ግድግዳውን ታይ ነበር። ስንወጣ እሷ በገበያው በኩል ሄደች፣ እኔ በሐይቁ በኩል። የምንሄደው ወደ አንድ ሰፈር ነው።

ጳጉሜን 4
መኪናዋ መጣች። ከአውቶቡስ ጣቢያ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣት ሙሀመድሰዒድ ነው። «ይቺ ደግሞ የኔ ናት እንዳትል!» ስትለው ሰማሁ። ሳቁ። አስያ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ!

ግን ትምህርት ቤቱ አልጠበቃትም። ከመቶ ሃያው ስድሳውን ሌላ ልብስ ሰፊ ወስዶታል። የስድሳ ልጅ እንጀራ በኔ «እንጃ» ሄደ። ደብዳቤው በመጣ ቀን ተናግሬ ቢሆን ይደርስ ነበር...

መስከረም 20
ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቆሜ አየሁ። የአስያን ስፌት በአንገትጌው አውቀዋለሁ። አንዱን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከጎኑ ያለውን ሳይ አቀረቅራለሁ።

ጥቅምት 3 ቀን 1974
አስያ ዛሬ መጣች! በሬን ስታንኳኳ እሷ መሆኗን አውቄ ወንበሩን በቀሚሴ ጠረግሁ።

አልገባችም። ደፉ ላይ ቆማ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«የዚህ ወር ተከፍሏል፣ ወይዘሮ ሸዋዬ። ደረሰኙን ይዩት።»

«አስያ! ለምን ታሳዪኛለሽ? አምንሻለሁ እኮ።»

«ዋስ ነዎት። ማየት አለብዎት።»

አሥራ አንድ ዓመት አንቺ ስትለኝ የኖረች ሴት። ሳላነብ ልመልስላት ፈለግሁ። አልወሰደችም፣ እስካነብ ቆማ ጠበቀች። አነበብሁት። ስሟን፣ ቀኑን፣ ማህተሙን፣ እስከ ታች። በሁለት እጄ መለስሁላት።

«የሚመጣውንም ወር አመጣለሁ» አለች።

«ይምጡ» አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። (ይኸኛው እንጃ እውነት ነው።)

ሄደች። የጠረግሁት ወንበር እንዳለ ነው። ብድሩ የሁለት ዓመት ነው፤ ገና ሃያ ሦስት ደረሰኝ ይቀራታል። አንድ ቀን እንደማታሳልፍ አውቃለሁ። ሃያ ሦስት ጊዜ እዚህ ደፍ ላይ ትቆማለች። አንዱን ቀን እግሯ ደክሟት ትቀመጥ ይሆናል።