ከዳሞታ እስከ አባያ ሦስት የወይን ማሳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

«ሦስቱም ማሳ እጅግ ተስማሚ ተብሎ ይጻፍ» አለኝ የግብርና ቢሮው ኃላፊዬ አቶ ጴጥሮስ። ሦስት ዓመት የለፋሁበትን የወይን ሙከራ ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ መለሰልኝ። ሐሙስ ከአዲስ አበባ የወይን ጠጅ ድርጅት ሰዎች ይመጣሉ። ወላይታ ውስጥ የትኛውን መሬት ወስደው ወይን እንደሚተክሉ ሊመርጡ ነው። እሱ የሚፈልገው ከተራራው እስከ ሐይቁ ድረስ አንድ ወጥ የወይን አገር ነው። ለቢፒአር፣ ለመሥሪያ ቤት ለውጡ፣ ሪፖርቱ ያምርለታል።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፦

ዳሞታ ተራራ ሥር፣ ሸነን ብላን የሚባለው ነጩ ወይን። ጭጋግና ዝናብ ይበዛበታል። አይሆንም።
ገሱባ መንገድ ላይ፣ ሜርሎ የሚባለው ጥቁር ዘር። ወፍ ከተጠበቀለት ይሆናል።
አባያ ሐይቅ ዳር፣ ሲራ፣ እሱም ጥቁር። ይሆናል። በጣም ይሆናል።

በቃ፣ ሦስት መስመር። ይህን ለመረዳት ስንት ስብሰባ ያስፈልጋል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ለመኪናው ነዳጅ የለም ተባልኩ። እስከ ዳሞታ ግርጌ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ቅጠሉ ዱቄት የተነፋበት መስሏል፣ ሻጋታ ነው። ፍሬው አተር አክሎ ተሰነጣጥቆ ቀርቷል። የማሳው ባለቤት ወይዘሮ ወርቅነሽ በወይኑ መሃል ባቄላ ዘርተዋል፣ ፍየላቸውንም ከአንዱ ቋሚ እንጨት አስረዋል። ልቆጣ አልኩና ተውኩት። «ልጄ፣ ባቄላው እንኳ ይበላል» አሉኝ። 

ከሰዓት የገሱባውን አየሁ። የዘር ስም የጻፍኩበት ታርጋ ሁሉ በዝናብ ታጥቧል። ቅጠል እያገላበጥኩ ለየሁ። ከወፍ የተረፈው አሥራ አንድ ዘለላ ነው። ጫማዬ ተቀደደ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ዛሬስ ንዴቴ በራሴ ላይ ነው።

በሞተር ሳይክል አባያ ዳር ወረድኩ፣ ወደ አቶ ቦልቶ ማሳ። የዛሬ ሦስት ዓመት ችግኙን በእጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ መጠጥ አይቀምሱም። «ለጠጅ ከሆነ አልተክልም» ብለውኝ ነበር። ለገበያ ነው ብዬ ለመንኳቸው። ባለቤታቸው አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ለተሳፋሪ ይሸጣሉ። ለጌታ እራትም ጭማቂውን ይሰጣሉ።

ወይኑስ! ዘለላው ጠቁሮ፣ እጅ ሞልቶ፣ ቅጠሉ ንጹሕ። ከወንዙ ቦይ ጠልፈው፣ በበጋ ደግሞ በጄሪካን ተሸክመው ነው ያጠጡት። ቦይና የሚሉትን የጎደሬ ቅቅል በዳጣ በርበሬ አቀረቡልኝ። ገና ሳልጎርስ፣

«አስቴር፣ መሬት የሚለኩ ሰዎች መጥተው ነበር» አሉኝ። «ከመንገዱ እስከ ሐይቁ ችካል ተክለዋል። የእኔም ማሳ ውስጡ ነው። የእኔ ወይን ጥሩ ስለሆነ ነው እንዴ?»

አዎ ነው። ግን አላልኩም። ጎረስኩ። ሪፖርቴ እውነት በሆነ ቁጥር እሳቸው መሬት ያጣሉ። አቶ ጴጥሮስ እንዳለው ብዋሽም እንደ ወይዘሮ ወርቅነሽ ያለ ሌላ ሰው በከንቱ ይነቀላል።

ቢሮ ስመለስ አቶ ጴጥሮስ አንድ ሣጥን የወይን ፍሬ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ከፍራፍሬ ሻጭ የተገዛ ነው። ከጎኑ ቀጭን ሽቦ።

«ሃያ ዘለላ ያህል የዳሞታው ላይ እሰሪበት። ለፎቶ ነው።»
«አላስርም።»
«ግምገማ ላይ እንነጋገራለና።»

ሣጥኑን ራሱ ተሸክሞ ወጣ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

መጡ። ሦስት ሰዎች፣ ሁለት መኪና፣ ነዳጅም ተገኘ። ከመካከላቸው ዕድሜያቸውን ወይን እርሻ ላይ የጨረሱ አቶ ሰይፉ የሚባሉ አሉ።

ዳሞታ ላይ ወይኑ አፍርቶ ጠበቀን። አቶ ሰይፉ ዘለላውን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው ሽቦውን አዩት። ቀስ ብለው ፈቱት። «ይኼ ጥቁር ነው፣ ቅጠሉ የነጭ ዘር ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። አቶ ጴጥሮስ የመንደር ልጆች ሥራ ይሆናል አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የዋሸው እሱ፣ ያፈርኩት እኔ።

አባያ ዳር ግን አቶ ሰይፉ ብዙ ቆዩ። ቀመሱ፣ አፈሩን አሹ፣ «ቅርንጫፉን ማን ነው የገረዘው?» አሉ። አቶ ቦልቶ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እኔ ነኝ» አሉ። ወጣቱ የድርጅቱ አለቃ ካርታ ዘርግቶ ከመንገዱ እስከ ሐይቁ በእርሳስ አሰመረ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «ይህ ወይን በአፈሩ ብቻ አልመጣም። ውሃውን የተሸከሙት፣ መግረዙን ያወቁት እኚህ ሰው ናቸው። ካስነሣችኋቸው የምታገኙት ደረቅ መሬት ነው። ፍሬውን ከእሳቸው ግዙ።»

አቶ ጴጥሮስ ክንዴን ያዘኝ። አቶ ቦልቶ ወደ እኔ ዞረው «ለጠጅ ነው?» አሉ። አዎ፣ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና «ከምነቀል እሸጣለሁ። ምን እንደሚያደርጉበት እነሱ ያውቃሉ» አሉ። ያንን ማለት ምን ያህል እንደከበዳቸው ፊታቸው ላይ ነበር። አቶ ሰይፉ ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

አቶ ጴጥሮስ ሰላም አላለኝም። የሰረዘውን ሁሉ መልሼ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ከአርሶ አደሩ መግዛት የሚል አንድ ገጽ ጨመርኩ። እንዳይጠፋ መዝገብ ቤት አስገብቼ፣ ቁጥር አስወጥቼ፣ ግልባጩን ቤቴ ወሰድኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «አስቴር፣ ከሰው ጋር ተጣልተሻል?» አለችኝ። ሳቅሁ። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ጠዋት አቶ ሰይፉ ደወሉ። ድርጅቱ ገና አልወሰነም። እሳቸው ግን መጀመሪያ ፍሬ ገዝተን እንሞክር ብለው ጽፈዋል። «ይሰሙኝ አይሰሙኝ እንጃ» አሉ።

ቀትር ላይ አቶ ቦልቶ ደወሉ፣ በጎረቤት ስልክ። ችካሉ እንደቆመ ነው። ጎረቤቶቻቸው ግን ከሐሙስ ጀምሮ የሚተከል የወይን ቅርንጫፍ ቁረጥልን እያሉ ደጃቸውን ሞልተዋል።

«ልስጥ ወይስ ይቆይ?» አሉኝ።

ብዙ ወይን ባለበት ብዙ ችካል ሊመጣ ይችላል። ወይም ያን ሁሉ ባለ ወይን መንቀል ድርጅቱን ይከብደዋል። የቱ እንደሆነ አላውቅም። «ይስጡ» አልኳቸው።