ስልክ የሌላቸው ሰዎች

ደባርቅ፣ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዛሬ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ጠዋት እማማ ጥሩነሽ ከበየዳ በልጃቸው ተመርተው ወደምሠራበት ሆስፒታል መጡና "ለዓይኔ ቀዶ ሕክምና ተመዝግቤ ነበር፤ ስሜ ግን አልተጠራም" አሉኝ። መዝገቡን ሳየው ስማቸው አለ። የሚጠሩትን ሰዎች ዝርዝር ከመዝገቡ የሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እኔው የጻፍኩት፣ ከስም ቀጥሎ ስልክ ቁጥር ያለበትን መስመር ብቻ ነበር የሚይዘው። እሳቸው ስልክ የላቸውም።

ፕሮግራሙን ከፍቼ የስልኩን ክፍል በቅንፍ ከብቤ የጥያቄ ምልክት አስከተልኩበት፤ ስልክ ካለ ይያዝ፣ ከሌለም ሰውየው አይቅር ማለት ነው። እንደገና ሳስኬደው የእሳቸው ስም ወጣ፤ ተከትሎም ብዙ የበየዳና የአምባራስ ሰው።

"ሰኞ ይገባሉ፣ እማማ" አልኳቸው።

"እንግዲህ የልጅ ልጄን መልክ ላየው ነዋ!"

የቀሩትን በምን ልጥራቸው? ነገ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነው። ዝርዝሩን ይዤ ገበያ መሐል እቆምና ስማቸውን እጠራለሁ።