ደህናው እግር

ለውድ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ሕመሙ ጋብ ብሎልሽ፣ እንቅልፍም ወስዶሽ ነቅተሽ እንድታገኚያት እመኛለሁ። እኛ አለን ለማለት ያህል አለን። አባዬ ጠዋት ከደጃፉ በረዶ ይጠርጋል፤ የጠረገውን መልሶ ይጠርጋል። እማዬ የዳቦ ድቡልቡሉን፣ ክኖድሉን፣ ዛሬም ለአራት ሰው ትሠራና አራተኛውን ሳህን ስታይ መልሳ ታነሳዋለች። እኔ ስገባ ወሬው ይቋረጣል።

ሆስፒታሉ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር። ሦስቴም ነርሷ «እህትሽ ተኝታለች» ብላ ከበር መለሰችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ከኋላዋ የሬዲዮኑን ድምፅ ስትቀንሺ ሰማሁሽ። አልፈርድብሽም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

አምና የካቲት የግራ ጉልበትሽ ጅማት ሲበጠስ እኔ ለመመረቅ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ዲፕሎማዬን ይዤ ከኢንስብሩክ ባቡር ስወርድ አባዬ «ዶክተሯ መጣች፣ ላሞቹን ደብቁ!» ብሎ ጣቢያውን በሳቅ ሞላው። እኔ ግን ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ጉልበትሽን ያዝኩ። ያ በጋ በሕይወቴ ደስ ያለኝ በጋ ነበር። ጎተራው ውስጥ በግራ እግርሽ ቁጭ ብድግ ስትሠሪ እኔ እቆጥራለሁ፤ አንቺ ደግሞ ላብሽን እየጠረግሽ «ቁጥር ያስተማረሽ ማነው? ስምንትን ሁለቴ ትያለሽ!» ትይኛለሽ። ሆን ብዬ ነበር፤ አንድ እንድትጨምሪልኝ።

በመከር አሰልጣኝ ካሲያን መጣ። አንቺ ውጭ ሳለሽ «ይቺን ልጅ ለጥር የበረዶ ስኪ ውድድር መነሻው ላይ አቁሚልኝ እንጂ፣ አንቺንም የቡድኑ ሐኪም አድርጌ አገር ላገር ይዤሽ እዞራለሁ» አለኝ። ይስቅ ነበር። እኔም ሳቅሁ። እትዬ፣ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ኅዳር ላይ ከቅዳሴ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆም አልሽ። «የሚገርመው ቀኙ ነው የሚደክመኝ፤ የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለው» አልሽኝ። «ቀንቶ ነዋ! ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለ ግራው ብቻ ስናወራ እየሰማ» አልኩሽ። ከት ብለሽ ሳቅሽ። ያ ሳቅሽ አሁን ከጆሮዬ አይወጣም።

ከዚያ ታኅሣሥ ላይ በክለቡ አዳራሽ ፈተንኩሽ። በአንድ እግር ሦስት ዝላይ፤ ሜትሩን የዘረጋሁት እኔው ነኝ። ግራው አራት ሜትር ከሰማንያ፣ ቀኙ አምስት ሜትር። የታመመው እግር የደህናውን ዘጠና ስድስት በመቶ ደረሰ። ከዘጠና በላይ ከሆነ ይበቃል ተብለን ነው የተማርነው። «ለውድድር ብቁ» ብዬ ፈረምኩ። አባዬ ሜትሩን ሳመው። አንቺም ወገቤን ይዘሽ እንደ ሕፃን አነሳሽኝ፤ በሁለቱም እግርሽ ቆመሽ።

የውድድሩ ቀን ስሜ ደረቱ ላይ የተጠለፈበትን የቡድኑን ጃኬት ለብሼ ታች መድረሻው ላይ ነበርኩ። የጠለፈችው እማማ ኖትቡርጋ አጠገቤ ቆማ «እሰይ፣ አማረብሽ! በእህትሽ ጀርባ ታዝለሽ ገባሽበት» እያለች ታሾፍብኛለች። ድምፅ ማጉያው ስምሽን ጠራ። ከዚያ «ወደቀች» አለ።

ሐኪሙ «ቀኙ ነው የተበጠሰው» ሲለኝ «ግራው ማለትዎ ነው» ብዬ አረምኩት። አየሽ ድፍረቴን?

በማግስቱ አዳራሹ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የመጀመሪያው ጉዳት ሳይደርስብሽ በፊት፣ በመከር የተለካው የቡድኑ ውጤት ተሰቅሏል። የአንቺ ቀኝ እግር ስድስት ሜትር ከአሥር። የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ ለእረፍት መጥቼ ሜትር ይዤላችሁ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስፈትንሽ ወረቀቱ ከራሳችን በላይ ነበር። እኔ በጋውን ሁሉ ግራውን ብቻ አሠራሁ፤ ደህና ያልነው ደግሞ ሥራ ፈትቶ መነመነ። ሁለት ደካሞችን አስተያይቼ እኩል ናቸው አልኩ።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ ወረቀቱን ረስቼው ነው እላለሁ። አባዬም ለካሲያን «ልጅ ናት፣ ገና መማሯ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጃኬቱን ልመልስ ፈለግሁና ስሜን እንድትፈታልኝ እማማ ኖትቡርጋ ዘንድ ወሰድኩት። «ምነው ልጄ፣ በዚህ ፍጥነት ጠገብሽው? በጥቅምት፣ ለቅዱሳን ሁሉ በዓል የመቃብር አበባ ስሠራ መጥተሽ፣ ልኬን ውሰጂ፣ ቶሎ ጥለፊልኝ ብለሽ አላስቸገርሽኝም?» አለችኝ። የፈተንኩሽ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ነው። ለአንቺ ግን የነገረችኝን እንዳለ ጻፍኩልሽ።

አሁን ስኪ የሚከራይበት ሱቅ ውስጥ ጫማ አደርቃለሁ። የእንግዳውን ክብደት ሁለቴ ጠይቄ ማሰሪያውን አላላለሁ፤ ሰው ሲወድቅ ስኪው እንዲፈታለት። የሰው ጉልበት ግን አልነካም።

እትዬ፣ ሐኪሙ የነገረውን አባዬ ነግሮኛል፤ ጉልበትሽን አልዘረጋም ብለሻል፣ የሚያሠራሽንም ሰው አባረሻል። እኔን ጥዪኝ፣ ጉልበትሽን ግን አትቅጪው። በእነዚህ ሳምንታት ካልተዘረጋ እንደታጠፈ ይደርቃል፤ እንኳን ስኪ፣ ያ የቤተ ክርስቲያን ደረጃም ይቀርብሻል። ፎጣ ጠቅልለሽ ተረከዝሽ ሥር አድርጊ፤ ጉልበትሽ ሥር አይደለም። በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይውረድ። አሥር ደቂቃ፣ በቀን አምስት ጊዜ። ያማል። እየሰደብሽኝ አድርጊው። ግራውንም አታስተኚው።

ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄ አብሬ ልኬልሻለሁ። ለሚያሠራሽ ሰው አሳዪው፤ ከዚህ ቁጥር በታች ብቁ ነሽ የሚልሽን አትስሚው። እህትሽ ብትሆንም።

እመቤታችን በእጇ ትዳብስሽ። በገባሽበት በር ቆመሽ ለመውጣት ያብቃሽ። መልስ አልጠብቅም። ስትቆጥሪ ግን ስምንትን ሁለቴ በዪልኝ።

ታናሽሽ