አባቴን በሙዚየምዎ ወለል ላይ ስላንበረከከው ድምፅ

ለክቡር ሚስተር ላውረንስ ኦርምስቢ
የባሊከርን የፈረስ እሽቅድምድም ቅርስ ሙዚየም ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ውድ ባለቤትዎንም፣ በደጃፍዎ የቆመውን የነሐስ ፈረስም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ እንደ ነገሩ ነን።

አባቴ ማላኪ ዲቬን በወጣትነቱ በዚህ አውራጃ የታወቀ የመሰናክል ውድድር ጋላቢ ነበር። ዛሬ የመርሳት በሽታ ይዞት፣ እኔን ልጁን አንዳንዴ እህቱ፣ አንዳንዴም ነርስ አድርጎ ይቆጥረኛል። ፈረስ ሲያይ ግን ፊቱ ስለሚፈካ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ፣ አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበለው ብዬ ወደ እናንተ አመጣሁት።

አንደኛ፣ ስለ መግቢያው ክፍል አመሰግናለሁ፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። አባቴ ከመስታወቱ ጀርባ የተሰቀለውን ልጓም አይቶ «ይሄ አፍ ያቆስላል፣ ማን ነው የሰቀለው?» ብሎ ሲቆጣ፣ የጠፋብኝን ሰው መልሼ ያገኘሁት መሰለኝ። ከዚያ ብንመለስ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ሁለተኛ፣ «የታላቁ ውድቀት አዳራሽ» ብለው የሰየሙትን ክፍል ይመለከታል። እዚያ የአንድ የድሮ ውድድር የሬዲዮ ዘገባ በድምፅ ማጉያ ሳያቋርጥ ይደጋገማል፤ ከመሰናክሉ ሥርም አንድ የፕላስቲክ ጋላቢ ሣር በመሰለ ምንጣፍ ላይ ተዘርሯል። ሊያውቁ የማይገደዱትን ነገር ልንገርዎ፤ በዚያ ውድድር አባቴ ከኋላ እየጋለበ ነበር። የወደቀው የልብ ጓደኛው ነው፤ እዚያው ሞተ። ይህ ሞት በውስጥ እንደሚሰማ በበሩ ላይ ስላልተጻፈ፣ እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ዘጋቢው የጓደኛውን ፈረስ ስም ጠርቶ «ግሬይ ባርተን ወደቀ» ሲል አባቴ ክው አለ። የክልከላውን ገመድ ተሻግሮ ተንበረከከና ኮቱን አውልቆ ከአሻንጉሊቱ ራስ ሥር አነጠፈ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አትንቀሳቀስ። ሐኪሙ እየመጣ ነው» አለው። ዘገባው አልቆ እንደገና ሲጀምር፣ ፈረሶቹም በሰላም ሲነሡ፣ አባቴ ጓደኛው የዳነ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ጓደኛው እንደገና ወደቀ። በሽታው ምንም ስለማያስቀርለት፣ ያ ልጅ በየዙሩ እንደ አዲስ ሞተበት።

ሠራተኛዎን ድምፁን እንድታጠፋልኝ ስለምናት፣ መሣሪያው ከመዝጊያ ሰዓት በፊት እንዳይነካ ከእርስዎ መታዘዟን ነገረችኝ፤ ጎንበስ ብላም ቅርሱን መንካት ክልክል መሆኑን ለአባቴ ልታስረዳው ሞከረች። ቀና ብሎ አያት።

«እጁን ያዢለት፣ ብቻውን ነው» አላት።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የፕላስቲኩን እጅ ያዘች። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አባቴ ደክሞት እስኪዝል ድረስ አልተነሣም፤ ያነሣነውም እኛ ነን፣ በሁለት ብብቱ ገብተን።

ሦስተኛ፣ እና ከሁሉ በላይ፣ ስለ ፎቶግራፍ ችሎታዎ ላመሰግን እወዳለሁ። ጎብኚዎቹ አፍረው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ እርስዎ ከሰገነቱ ወርደው የአባቴን እንባ ከነጠብጣቡ አነሡት። ጎረቤቴ ባመጣችልኝ ጋዜጣ ላይ፣ በሙዚየምዎ ማስታወቂያ ውስጥ፣ «ታሪክ ሕያው የሚሆንበት ቦታ» ከሚል ጽሑፍ በታች አየሁት። ስደውል ጸሐፊዎ በትኬቱ ጀርባ በተጻፈው መሠረት ፈቃዴን እንደሰጠሁ በጨዋነት አስታወሰችኝ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል። የቤታችንን ሬዲዮ አጥፍቼዋለሁ፤ የእኛ መሣሪያ ሲለምኑት ይጠፋል። ከእርስዎ የምለምነው ፎቶውን ከማስታወቂያዎ እንዲያወርዱ፣ ለሌላው ሽማግሌ ሲሉም በአዳራሹ በር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፉ ብቻ ነው።

ለቅርስ ያለዎት ፍቅር አንድ ቀን በሕይወት ላለነውም እንዲደርሰን እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ኑዋላ ዲቬን

ማስታወሻ፦ ከመሰናክሉ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የፈረሱ፣ የአባቱ፣ የእናቱና የባለቤቱ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ሟቹ «ጋላቢው» ተብሏል። ቦታ ከተረፈዎ፣ ፊንታን ኮርሌስ ይባል ነበር።