ሰፍቶ መተርተር ያቃተው ጤና ጣቢያ

ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቆቦ

ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጊዜው ያለፈበት የወሊድ መከላከያ ከክንዴ እንዲወጣልኝና ያጉላላኝ ኃላፊ እንዲጠየቅልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ስሆን ዕድሜዬ 39 ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን፣ ዘመኑ ለልጅ አይሆንም ብለን፣ በክንድ የሚቀበረውን የሦስት ዓመት መከላከያ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ አስቀበርኩ። ያስገባችልኝ ሲስተር ሩት ናት። እግዜር ይስጣት፣ በእሷ ቅሬታ የለኝም።

2. ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ልጅ ፈልገን ይውጣልኝ ብዬ ሄድኩ። ሲስተር ሩት ተዛውራለች፣ ማውጫ መሣሪያም የለም ተባልኩ። ይኸው ዘጠኝ ወር ተመላለስኩ። በዘጠኝ ወር ልጅ ይወለድ ነበር።

3. ባለፈው ኅዳር የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ጌዲዮን፣ ከበላይ አካል ጉብኝት ስላለ ለቤተሰብ ዕቅድ ክፍሉ መጋረጃ እንድሰፋ አዘዙኝ። በጉብኝቱ ማለዳ ልሰቅል ስገባ የለም የተባለው መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይም «ማስገባትም ማውጣትም በማንኛውም ቀን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ባሳያቸው «ዛሬ እንግዳ አለብን እህቴ፣ ነገ ነይ» አሉኝ። በነጋታው ዕቃው የለም። ለካ ከሮቢት ጤና ጣቢያ በውሰት መጥቶ ኖሯል፤ እንግዶቹ ሲወጡ እሱም በሚኒባስ ተመልሷል። ሮቢት ድረስ ተከትዬው ብሄድ፣ ለሌላ ጉብኝት ወደ ጎብዬ ጤና ጣቢያ ሄዷል ተባልኩ። እኔ ልጅ አጥቼ ተቀምጬ መሣሪያው አገር ያያል!

4. ይህን በየሰዉ ፊት ስናገር አቶ ጌዲዮን ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌ መመለስ በአገራችን ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የአባቴን ጓደኞች ከደጅ መለስኳቸው። አልታረቅም። ያቃጠሉኝን ያህል ሲቃጠሉ ማየት እፈልጋለሁ።

5. እኔ ሰፍቼ መተርተር ባላውቅ አንድም ደንበኛ ደጄን አይረግጥም ነበር። ስለዚህ መከላከያው በአስቸኳይ እንዲወጣልኝ፣ አቶ ጌዲዮንም ያን ማስታወቂያ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያየ፣ በገዛ እጃቸው እንዲያነሡት እንዲታዘዝልኝ አመለክታለሁ።

6. ለመጋቢት 3ቱ ጉብኝት አዲስ መጋረጃ ታዝዤ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። የምሰቅለውም እኔው ነኝ። እስከዚያ ምላሽ ካላገኘሁ፣ እንግዶቹ መጋረጃውን ሲገልጡ የሚያገኙኝ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ግራ ክንዴን ዳግም በውሰት ከሚመጣው መሣሪያ ጎን ዘርግቼ ነው። ከመካከላቸው አንድ የሚያወጣልኝ ሐኪም አይጠፋም።

ለክቡርነትዎ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤ ለአቶ ጌዲዮን ግን ሰላምታ የለኝም።

ፊርማ
ለተ ሚካኤል ወልደ ገብርኤል