ዝም ስላለው የወደብ ሬዲዮ

ለተከበሩ የጠፈር ጦር ዋና አዛዥ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሚሳይልዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሞቱት በቀር ደህና ነን።

በቅድሚያ የጠላትን ሳተላይት በአንድ ምት ብትንትኗን ስላወጡ እንኳን ደስ ያለዎት። በቴሌቪዥን ሲያጨበጭቡ አይተን እኛም አጨብጭበናል፤ ስብርባሪዋ እዚያው ሰማይ ላይ እየተምዘገዘገ የራሳችንን የአየር ጠባይ ሳተላይት እንደሚበሳሳት ማን ነግሮን! ስብርባሪ ሌላውን እየመታ ይዋለዳል ይላሉ የሚያውቁ፤ ክቡርነትዎ በአንድ ምት ዘር ማንዘር አፍርተዋል። ወሬ አይደበቀኝምና ይህን ከትንበያ ቢሮ ሹክ ያለኝ አለ። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በእኛ ወደብ ሬዲዮው የሚናገረው ማዕበል ሲመጣ ብቻ ነው፤ ዝም ካለ ሰላም ነው ብሎ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ መረቡን ይሸከማል። «ዝም አይነቅዝም» ያሉት አበው ሬዲዮ አልነበራቸውም። ሳተላይታችን ከታወረች ወዲህ ሬዲዮው ዝም ያለው ባሕሩ ስለረጋ ሳይሆን የሚያይለት ስለሌለ ነው።

፪ኛ፦ የታላቅ እህቴ ባል ማዕበሉ በመጣ ዕለት ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ደግኖ፣ «እሰይ፣ እንደ አማቴ አኩርፏል!» ብሎ እየሳቀ ወጣ። (አማቱ እናቴ ናት፤ እሷም ስቃለች።) ማዕበሉ የመለሰልን ጀልባዋን ብቻ ነው። እህቴ አስከሬን ሳላይ ምን ብዬ ላልቅስ ብላ፣ ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ከበር ትመልሳለች።

፫ኛ፦ የድልዎ ዜና እንዳይደበዝዝ ብለው የትንበያ ሠራተኞቹ ስለ ታወረችው ሳተላይታችን ትንፍሽ እንዳይሉ አዝዘዋል አሉ። አሳቢነትዎ ያስመሰግናል። ብቻ ታናሽ ወንድሜ ነገም ባሕር ይወጣል። እንዳይሄድ ብለምነው፣ «አንቺ ደግሞ! ከመንግሥት ሬዲዮ ልትበልጪ ነው? አደጋ ቢኖር ይናገር ነበር» ብሎ አሳፈረኝ። እኔን አያምንም፤ እርስዎን ያምናል። ስለዚህ ሁለተኛውን ተኩስዎን ከማሰማትዎ በፊት፣ አንዲት ቃል ብቻ በሬዲዮ ያሰሙልን፦ «አናይም።»

ለክብርዎ እጅ እየነሳሁ፣ ቀና ለማለትም ሰማዩን እየፈራሁ፣
የወደብ ሰፈሯ ወሬኛ፣ አክባሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቃል አቀባይዎ ስብርባሪው አንድም ሰው አልነካም ማለታቸው እውነት ነው፤ እኛም እንመሰክራለን። የእህቴን ባል የነካው ውሃ ብቻ ነው።